ቢጫ ሄልሜት ያደረገው ሰው

ጋሽ ታረቀኝን ሞተው ያገኟቸው የገዛ ባለቤታቸው ናቸው። የዕለቱ የፍልሰታ ቅዳሴ አልቆ፣ እትዬ ዓለምፀሐይ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወርዱ «በል ተነስ፣ ጾም እንግደፍ» ሊሏቸው በጓሮ በኩል ወደ ወርክሾፑ ብቅ ቢሉ፣ አብረዋቸው ያረጁት ሰው ከማሽኑ ሥር በጎናቸው ወድቀዋል። የሴትየዋ ጩኸት ከአዲሱ ገበያ ወደ እጽዋት ማዕከሉ ሽቅብ የሚወጣውን መንገደኛ ባለበት አስቆመው።

ኢንስፔክተር ቤርሳቤህ ስትደርስ ዝናቡ አባርቶ፣ ሰፈሩ በሙሉ ግቢው በር ላይ ተኮልኩሎ ነበር። ወርክሾፑ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ሰርቪስ ነው። ብርሃን እንዲያገኝ መስኮቱ ሥር የተተከለ የድንጋይ መሞረጃ ማሽን አለ፤ ከአጠገቡ ረጅም ጠረጴዛ። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ የእመቤታችን ሥዕል፣ ከሥዕሏ ሥር ባዶ መደርደሪያ። በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ አንድ ጭረት እንኳ የሌለበት ቢጫ ሄልሜት ተንጠልጥሏል። ጠረጴዛው ሥር ደግሞ ባልዲ፣ አሮጌ ጫማ፣ ነጭ ጄሪካንና ጨርቅ ተደበላልቀዋል። መሳቢያው ተከፍቶ ባዶውን ቀርቷል።

«ተገፍተው ነው የወደቁት» አላት የፎረንሲክ ባለሙያው። «ጭንቅላታቸው የማሽኑን ብረት መትቷል። ወዲያው ግን አልሞቱም። ሰው ቶሎ ደርሶ ቢሆን ኖሮ...» ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሰው ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሳጅን ሌሊሳ ጭቃ እየረገጠ እየሮጠ መጣ። የምሥራች ያለው ሰው ፊት ነበረው።

«ኢንስፔክተር፣ ሰውዬው ተይዟል! ዳኜ ይባላል፤ ከወሎ የኦፓል ድንጋይ ይዞ የመጣ ነው። አዲሱ ገበያ ታክሲ ሊሳፈር ሲል አፈፍ አደረግነው። ጃኬቱ ደም በደም ነው!»

«ድንጋዮቹስ?»

«እ... ማለቴ፣ ድንጋዮቹ አልተገኙበትም።»

ቤርሳቤህ ሳታስበው ቀኝ እጇ የግራ እጇን ቀለበት ነካ። የቀለበቱን ኦፓል የሞረዱት ጋሽ ታረቀኝ ናቸው። አምና ከዊንጌት ሱቅ፣ ከሽርካቸው ከኪሩ ስትገዛው፣ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳወጣው፣ ሰው ተጎድቶበት እንደሆነ ሳትጠይቅ ብሯን አላወጣችም። ሌሊሳ «ድንጋይም መታወቂያ ይጠየቅ ጀመር?» ብሎ ጣቢያውን ሁሉ አስቆባት ነበር። ኪሩ ግን አላሾፈም። ቢጫ ሄልሜት አድርጎ የሚስቅ ሰው ያለበት ካርድ ሰጣት፤ ከፎቶው ሥር «ምሰሶ ካለው ጉድጓድ፣ ማንም ሳይጎዳበት የወጣ» የሚል ተጽፎበታል። የሰውየው ሳቅ ደስ ስላላት ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ትዞራለች።

*

ዳኜ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። አንገቱ ላይ ያለው ጥቁር ማተብ በላብ ወይቧል። እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ የጥፍሮቹን ሥር ነጭ አፈር እያየ ነበር የሚናገረው።

«ድንጋዩ የኔ አይደለም። የሟቾች ነው። ደላንታ ገደሉ ወገብ ላይ ጉድጓድ አለን። ሐምሌ ላይ ተደረመሰና ሦስት ሰው ዋጠ። ይሄ ድንጋይ እነሱ በዚያው ሰሞን ያወጡት ነው። ቤተሰቦቻቸው ‹አንተ አዲስ አበባን ታውቃለህ፣ ሽጥልን› ብለው እጄ ላይ ጣሉት። ፍልሰታ ሲፈታ ተዝካራቸው ነው።»

«ከጋሽ ታረቀኝ ጋር ትናንት ስትጯጯሁ ጎረቤት ሰምቷል።»

«የጮኹት እሳቸው ናቸው፣ እሱም በራሳቸው ላይ። ከየት ነው የመጣው ሲሉኝ እውነቱን ነገርኳቸው። ‹እስከ ዛሬ ስሞርድ የኖርኩት ከዚያ ጉድጓድ የወጣውን ነው?› ብለው ራሳቸውን ያዙ። ድንጋዩን ተቀብለው ‹ነገ ተመለስ፣ እስከዚያ የማነጋግረው ሰው አለ› አሉኝ።»

«ማንን?»

«አልነገሩኝም። ዛሬ ብመጣ ወድቀዋል። ቀና አደረግኳቸው፣ ትንፋሽ የለም። ከዚያ ሮጥኩ።»

«ለምን ትሮጣለህ?»

«ደም የነካው የአገር ቤት ሰው ቆሞ ላስረዳ ቢል ማን ይሰማዋል?» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አያት። «ኢንስፔክተር፣ ድንጋዩ ካልተገኘ ቢፈቱኝም አልተፈታሁም። የሙት ልጆች ሀቅ ይዞ ጠፋ ነው የምባለው። ልጆቼም በዚያ ስም ነው የሚያድጉት።»

ቤርሳቤህ ብዙ ተጠርጣሪዎች ሲያለቅሱ አይታለች፤ ይሄኛው አላለቀሰም። አለማልቀሱ ሆዷን አባባው።

ኮማንደር ባጫ ግን ሆዱ አይባባም። «ደም አለ፣ ጠብ አለ፣ ሽሽት አለ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ድንጋዮቹን።»

«ለግብረ አበሩ አቀብሏቸዋል። ነገ ከነገ ወዲያ ፍርድ ቤት አቅርቢውና ይብቃን።»

*

ጋሽ ታረቀኝ በሞቱበት ዕለት ጠዋት አፍናን የምትባል የኦፓል ነጋዴ ከግቢው ተቆጥታ ስትወጣ ታይታለች። ሱቋ አዲሱ ገበያ ከዋናው መንገድ ዳር ናት። ቤርሳቤህና ሌሊሳ ሲገቡ ውጭው ዶፍ ነበር፤ ሌሊሳ ከነውሃው ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ወደ ተዘረጋው ኦፓል እጁን ሰደደ።

«ሳጅን! በእርጥብ እጅህ እንዳትነካው!» አፍናን ጨርቁን ከነድንጋዩ ወደ ራሷ ሳበች።

«ምን አጠፋሁ?»

«የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ ያ ሁሉ ቀለም ድርግም ይልና ብርጭቆ ይመስላል። እስኪደርቅ ቀናት ይፈጃል። እስከዚያ አንተ ትገዛኛለህ?»

ሌሊሳ እጁን ሱሪው ላይ ጠራረገ። ቤርሳቤህ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ያለፈ አላሰበችበትም።

«ጋሽ ታረቀኝ ጋ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?»

«ድንጋዩን ልገዛ ነዋ። እንዲህ ዓይነት እሳት ያለው ካየሁ ቆይቻለሁ። ‹ሰው እንደሞተበት ለገዢሽ ትነግሪዋለሽ?› አለኝ። እኔ ድንጋይ እንጂ ለቅሶ አልሸጥም አልኩት። አባረረኝ።» ድምጿ ወረደ። «አሁን ሳስበው አፌን በቆረጠው እላለሁ።»

ከዚያ በኋላ የት እንደነበረች ሲጠይቋት እናቷን ክሊኒክ ይዛ እንደዋለች ተናገረች። ሌሊሳ ሄዶ አጣራ። ነርሶቹ አስታወሷት፤ ከአንዷ ጋር ስለ ወረፋ ተጨቃጭቃ ነበር።

*

ኪሩ ዊንጌት ያለው ሱቁ ውስጥ ጥቁር ለብሶ ተቀምጦ አገኙት። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የቆፋሪዎች ፎቶ ነው፤ ሁሉም ቢጫ ሄልሜት አድርገው ይስቃሉ። ከፎቶዎቹ በላይ «በኃላፊነት ይግዙ» ይላል። ለውጭ ገዢዎችም ሆነ ለአዲስ አበባ ሙሽሮች ይህንን ቃል በየመድረኩ የሚያስተምረው እሱ ነው። ጋሽ ታረቀኝ ይሞርዳሉ፣ ኪሩ ይሸጣል። ዓመታት አብረው ሠርተዋል።

«እህት ቤርሳቤህ» ብሎ ተነሳ። ዓይኑ ቀልቷል። «እንደ አባቴ ነበር እኮ። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው።»

«ዳኜ ድንጋይ ማምጣቱን ታውቅ ነበር?»

«አልሰማሁም። ቤተ ክርስቲያናችን የክረምት ኮንፈረንስ አለ፤ እኔ አስተናጋጅ ነኝ። ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ነኝ።»

«ወርክሾፑንስ?»

«በዚህ ሳምንት እግሬ አልረገጠውም።»

ሊወጡ ሲሉ በር ድረስ ሸኛቸው። «ወርክሾፑ መቼ ይከፈታል? ማለቴ... ማሽኑ ውሃ አለበት፣ ካልተደፋ ይዝጋል። እኔ ገብቼ ላጸዳላቸው፤ እትዬ ዓለምፀሐይ በዚህ ሐዘን ላይ ምኑን ይችሉታል?»

ቤርሳቤህ አሳቢነቱ ነካት። እሷም የወንጌላውያን ልጅ ናት፤ ኮንፈረንስ የሚያስተናግዱ ወንድሞችን ልፋት ታውቀዋለች።

ያም ሆኖ ሌሊሳን ወደ ኮንፈረንሱ ላከችው። ሲመለስ እየሳቀ ነው። «የበሩ ፍተሻ አያድርስ ነው፤ ዩኒፎርም ለብሼ ካልሲዬን ሊያስወልቁኝ ምንም አልቀራቸው!»

«ኪሩስ?»

«ጠዋትም ከሰዓትም ታይቷል። በምሳ ሰዓት ወጥቶ ተመልሷል። ፈታሹ በደንብ ያስታውሰዋል፤ ሲመለስ ኪሱ ውስጥ ከስልክና ከመጽሐፍ ቅዱስ በቀር ምንም አልነበረም።»

ጋሽ ታረቀኝ የሞቱትም በምሳ ሰዓት፣ ባለቤታቸው ቅዳሴ ላይ ሳሉ ነው። ኪሩ ገድሎ ድንጋዩን ወስዶ ቢሆን ኖሮ ኪሱ ሙሉ በሆነ ነበር። ቤርሳቤህ ስሙን ሰረዘችው። የቀራት ዳኜ ብቻ ነው፤ እሱንም አንጀቷ አልተቀበለውም። ሌት ተቀን የምትመካበት ጭንቅላቷ አንድ ቦታ ላይ ተቸንክሮ እንደቀረ ተሰማት።

*

በማግስቱ ከሰዓት እትዬ ዓለምፀሐይ የባላቸውን ውዳሴ ማርያም ከወርክሾፑ ለመውሰድ ፈቃድ ጠየቁ። ቤርሳቤህ ከድንኳኑ ይዛቸው ሄዳ የታሸገውን በር ከፈተች። ሴትየዋ ደፉ ላይ ቆመው እንባቸውን ጠረጉ፣ አማተቡ፣ አንድ እርምጃ ገቡና ደርቀው ቀሩ።

«ይሄን ማነው እዚህ ያስቀመጠው?»

«ምኑን እትዬ?»

«ጠበሉን!» ጣታቸው ጠረጴዛው ሥር ወዳለው ነጭ ጄሪካን ተቀሰረ። ሐዘናቸውን ለአፍታ ቁጣ ወሰደው። «ራሴ ነኝ ያን ዕለት ጠዋት ከእንጦጦ ያመጣሁት። አሮጌው ቢያፈስብኝ ሱቅ ገብቼ አዲስ ገዛሁ። እዚያ፣ ከሥዕሏ ሥር ነው ያስቀመጥኩት። ጠበል እንዴት መሬት ላይ ይቀመጣል? ያውም ከጫማ ጋር! ታረቀኝ ነፍሱ ብትወጣ አያደርገውም...» ያሉት ነገር ለራሳቸው ተሰማቸውና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ቤርሳቤህ ባዶውን መደርደሪያ አየች። ጄሪካኑን አየች። መጀመሪያ ቀን በአጠገቡ ወዲያ ወዲህ ብላለች፤ የማሽን ውሃ ነው ብላ አልፋዋለች። ማተብ ያሰረው ዳኜ ቢጣደፍ እንኳ ጠበል ከአሮጌ ጫማ ጋር አያኖርም። እሷ ብትሆንስ? እሷማ እዚያው ነበር የምታስቀምጠው። መሬት ላይ እንደማይቀመጥ ማን ነግሯት ያውቃል? ደግሞስ ለምን ይወርዳል? አፍናን ጨርቁን ወደ ራሷ ስባ «ውሃ ይጠጣል» ያለችው ትዝ አላት።

«እትዬ፣ ልደፋው ነው። ይከፋዎታል?»

ሴትየዋ ትክ ብለው አዩአት። የምርመራ ነገር ባይገባቸውም የፊቷን መለወጥ አይተዋል። «ንጹሕ ሳፋና ሳሕን ይምጣ። የተረፈውም ሰው በማይረግጥበት ይፈሳል፣ ጽዱ ሥር።»

ከሌሊሳ ጋር ተጠርቶ የመጣው የፎረንሲክ ባለሙያ ጄሪካኑን በጓንት ያዘው። መጀመሪያ ክዳኑን አነሳ፤ አሻራ ሊኖርበት ይችላልና በጥንቃቄ አሽጎ አስቀመጠው። ከዚያ ውሃው ቀስ እያለ ወደ ሳፋው ወረደ፣ ወረደ፣ አለቀ። ጄሪካኑን ሲያዘነብለው ከታች ቀጨል ቀጨል የሚል ድምፅ ተሰማ። የጣት ጥፍር የሚያህሉ፣ እንደ በረዶ ፍሬ የጠሩ ድንጋዮች ሳሕኑ ላይ ተንከባለሉ። ቀለም የሚባል የላቸውም።

«እነዚህ ናቸው?» አለ ሌሊሳ፣ ቅር ብሎት።

«ውሃ ጠጥተዋል» አለች ቤርሳቤህ።

*

ኪሩ ጣቢያ ተጠርቶ አሻራ ከሰጠ በኋላ ወደ ምርመራ ክፍሉ ሲገባ ጄሪካኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አየውና ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ይሄን ታውቀዋለህ?»

«የጋሽ ታረቀኝ ጠበል አይደል?»

«ነው። በዚህ ሳምንት ወርክሾፑን አልረገጥኩም ብለኸኛል።»

«አዎ፣ አልረገጥኩም።»

«እትዬ ዓለምፀሐይ ይሄን ጄሪካን የገዙት ጋሽ ታረቀኝ በሞቱበት ዕለት ጠዋት ነው። ክዳኑ ላይ ከሳቸው አሻራ ሌላ ያንተ አለ። እንዴት ደረሰበት?»

ኪሩ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ድንጋዩን ይዘህ እንዳትሄድ የኮንፈረንሱ በር ላይ ፍተሻ አለ» አለች ቤርሳቤህ፣ ድምጿን ሳታነሳ። «እኔን ያሳሳተኝ እሱ ነው። ፖሊስ ጠበል አይደፋም ብለህ እዚያ ውስጥ ጨመርከው። ከሥዕሏ ሥር፣ መስኮቱ ፊት ለፊት ብትተወው፣ ውሃ እስኪጠጡ ድረስ ብርሃኑ በነጩ ፕላስቲክ አልፎ ያሳያቸዋል። ስለዚህ ከጠረጴዛው ሥር ሸጎጥከውና በኋላ ‹ማሽን ላጽዳ› ብለህ ልትወስደው አሰብክ። አልፈርድብህም፣ እኔም እዚያው ነበር የማስቀምጠው። አንተም እኔም ጠበል ቤት አላደግንም።»

ውጭ አንድ ታክሲ ረዳት «ዊንጌት! ዊንጌት!» እያለ ይጣራል።

«ልገድለው አልነበረም» አለ ኪሩ በመጨረሻ። «ደውሎ ጠራኝ። ሄልሜቱን ከሚስማሩ አውርዶ ፊቴ ላይ ያዘው። ‹ይሄን ለስንት ሰው አድርገህ ፎቶ አነሳህ?› አለኝ። ለገዢዎቹ እውነቱን ራሱ ሊነግራቸው ነው። ጉድጓዱ ምሰሶ ኖሮት እንደማያውቅ፣ ሰው እንደሞተበት። ያን ሁሉ ዓመት የገነባሁት ስም በአንድ ቀን ገደል ሊገባ! ሄልሜቱን ልቀማው ስል ገፋሁት።»

«ሲወድቁ በሕይወት ነበሩ።»

ኪሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቃሉ ከመዳፉ ውስጥ ታፍኖ ነው የወጣው።

«ስሜን ጠራኝ። ‹ኪሩ› አለኝ።»

«አንተስ?»

«ድንጋዮቹን ሰበሰብኩ። ሄልሜቱን ቦታው መለስኩት።»

ሌሊሳ ቃሉን እየጻፈ ነበር። እስክሪብቶው ቆመ፤ ቀና ብሎም አላየውም። ቤርሳቤህ ተነስታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ በውስጧ ጸለየች፤ ለማን እንደምትጸልይ ግን ለራሷም አልገባትም። ለጋሽ ታረቀኝ ጊዜው አልፏል፣ ለኪሩ ደግሞ ልቧ እንቢ አላት።

*

ድንጋዮቹ ቢሮዋ ውስጥ ነጭ ጨርቅ ላይ ተዘርግተው ሰነበቱ። መጀመሪያ ደፈረሱ፣ ወተት መሰሉ፤ ከዚያ ከዳር ከዳር አረንጓዴው፣ ብርቱካናማው፣ ቀዩ ብልጭ ማለት ጀመረ። ዳኜ የተፈታ ዕለት መጥቶ አንድ በአንድ ቆጠራቸው፤ አንዱም አልጎደለም። ለጊዜው በኤግዚቢትነት ፖሊስ ዘንድ ይቆያሉ። ባዶ እጁን አገሩ መግባቱን ሲያስብ ግንባሩ ተቋጠረ።

«ስልክ ደውልላቸውና አገናኘኝ» አለችው።

ደወለ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ከሟቾቹ የአንዱ ሚስት ናት፤ ከኋላዋ የሰው ድምፅ፣ የዶሮ ድምፅ ይሰማል። ቤርሳቤህ ማን እንደሆነች ተናገረች። ከዚያ ቃሏን ለይታ፣ ሁሉም እንዲሰሙ፣ «ድንጋያችሁ ተገኝቷል። ያለው ፖሊስ ጋ ነው። ዳኜ የማንንም ሀቅ አልነካም። የሰረቀው ሌላ ሰው ነው፣ ተይዟል» አለች።

ሴትየዋ የሰማችውን ለሌሎቹ ስታስተላልፍ፣ አንድ ሽማግሌ «ተመስገን» ሲሉ ተሰማ። ዳኜ ወደ ግድግዳው ዞረ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።

«ይምጣ በሉት» አለች ሴትየዋ ተመልሳ። «ተዝካሩ ያለ እሱ አይሆንም። ደግሞ... እመቤቴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። ባለሱቁ ባለቤቴን ጌቱን ፎቶ አንስቶት ነበር። እኛ ጋ አንድም ፎቶ የለውም። ልጁ መልኩ እየጠፋበት ነው። ለተዝካሩ እንኳ ብናገኘው...»

ቤርሳቤህ እሺ ብላ ስልኩን ዘጋች። የሱቁ ግድግዳ በፎቶ የተሞላ ነው፤ የትኛው ጌቱ እንደሆነ ዳኜን ወስዳ ታሳየዋለች። ከዚያ አንድ ነገር ውስጧን ቆነጠጣት። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ካርዱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ይሄን ሰው ታውቀዋለህ?»

ዳኜ ካርዱን አነሳ። የሰውየውን ፊት በአውራ ጣቱ አበሰው።

«ጌቱ ነው» አለ። «አሁን ያናገሯት ባለቤቱ ናት። ይሄን ፎቶ ሲነሳ አጠገቡ ነበርኩ። ኪሩ ሄልሜቱን አደረገለትና አነሳው፤ ከዚያ አወለቀና ለኔ አደረገልኝ፣ ከኔም ለሚቀጥለው። ተሰልፈን እየተሳሳቅን ነበር። ጌቱ ‹ለኛም ሊያመጡልን ነው ማለት ነው› ብሎ ነው እንዲህ የሚስቀው። ሄልሜቱ ግን በዚያው ቀን ተመልሶ መኪና ላይ ወጣ።»

ቤርሳቤህ ስትጠይቅ ጎበዝ መስላ ነበር፤ የመለሱላትን ግን አንድ ቀን አልመረመረችውም። ሥራዋ መመርመር ሆኖ ሳለ! ቀለበቱን ከጣቷ ልታወልቅ ሞከረች፣ አልወጣ አላት፤ ደግሞ ማውለቁ ለጌቱ ምን ይጠቅመዋል?

ከመሳቢያዋ መቀስ አወጣች። ካርዱን ከፎቶው ሥር፣ ጽሑፉ ከሚጀምርበት ቆረጠችው። የሚስቀውን ሰው በንጹሕ ፖስታ አድርጋ ለዳኜ ሰጠችው። እሱም በሁለት እጁ ተቀብሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ ጎንበስ ብሎ ተሰናበታትና ወጣ።

ቁራጩ እጇ ላይ ቀረ። «ምሰሶ ካለው ጉድጓድ፣ ማንም ሳይጎዳበት የወጣ» ይላል።